ጎተራ እንጂ ማሳ አይደለም

ቁልፉን ያዞራሉ፤ መብራቱ ይደበዝዛል። የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫኑ ከኮርቻው ሥር ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሪኖው ግን ዝም። ብዙ ሞተረኛ በዚህ ጊዜ ባትሪውን ረግሞ አዲስ ይገዛል። ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም ያው ይሆናል።

ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ ማሳ አይደለም። (ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የሚሉት ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።) እህሉ የሚበቅለው በሞተሩ የጎን ክዳን ውስጥ ነው። እዚያ ማግኔት ስታተር በሚባለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ዙሪያ ይሽከረከርና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሚመነጨው ግን ኤሲ ስለሆነ ባትሪ አይቀበለውም። ሬጉሌተሩ ወደ ዲሲ ይለውጠዋል፣ ከልክ ያለፈውንም ይገታል። ሥራው ያግለዋል፤ ጀርባው እንደ ማበጠሪያ የተተለተለውም ሙቀቱን ለነፋስ እንዲሰጥ ነው።

ለምርመራው አንድ ቴስተር ይበቃል። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሞልቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ከሆነ አስቀድመው ቻርጅ ያስደርጉት። ሞልቶም ሞተሪኖውን ሲያስነሱ ከ9.5 በታች የሚወድቅ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ አርጅቷል።

ወሳኙ ልኬት ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጡት ነው። ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ጤና ነው። ከ12ቱ ቤት ካልወጣ ጎተራው እየተበላ እንጂ እየተሞላ አይደለም። 15ን ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ጥሏል፤ ባትሪውን ያፈላዋል።

አንዳንዶች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅለው «ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል» ይላሉ። እኔ በገዛ ሞተሬ ላይ አላስሞክረውም፤ ቮልቴጁ በድንገት ዘሎ ሬጉሌተሩንም አምፖሉንም ሊያቃጥል ይችላል።

ቻርጅ ካላደረገ፣ ከስታተሩ የሚመጡትን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ቢጫ የሆኑትን ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ይንቀሉ። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገው ሞተሩን ያስነሱና ሁለት ሁለቱን ይለኩ። ሦስቱም ልኬቶች እኩል መሆንና ነዳጅ ሲጨመር አብረው መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ወይም ሞተሩ ጠፍቶ ከቢጫዎቹ አንዱ ከሞተሩ ብረት ጋር ከተገናኘ፣ የተቃጠለው ስታተሩ ነው።

ስታተሩ ደህና ከሆነ ሬጉሌተሩ ይጠረጠራል፤ ከእሱ በፊት ግን ማሳው ይታይ፦ ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ሽቦ። የዛገ ማሳና የቀለጠ ሶኬት ብዙ ጤነኛ ሬጉሌተር አስጥሏል። በብሩሽ ያጽዱት፣ ብሎኑን ያጥብቁት፣ እንደገና ይለኩ፤ ገንዘብዎን ከዚያ በኋላ ያውጡ።