ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ፦ አጭር መንገድ እንዴት ይታቀዳል?

ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አዲስ አበባን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው ዋናው አስፋልት አካል ሲሆን፣ መሀሉ ላይ የማቻከል ወረዳ ከተማ አማኑኤል አለች። ደብረ ማርቆስ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት፤ ደምበጫ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ትገኛለች። ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ አሽከርካሪ ከመነሣቱ በፊት ጎማውን ያያል፣ ዘይቱን ይለካል፣ ውሃና ስንቅ ይይዛል፣ ቤተሰቡንም ተሰናብቶ ይወጣል። ደምበጫ የሚሄደው ግን «ቅርብ እኮ ነው» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ እብስ ይላል። አደጋ ግን የመንገዱን ርዝመት አይቶ አይመጣም፤ ስለዚህ አጭሩ መንገድም የራሱ እቅድ ያስፈልገዋል።

እቅዱ የሚሠራው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየተነዳ ቢኬድ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ በ80 ቢኬድ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ያህል። ተቻኩሎ የሚገኘው ትርፍ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ይህም አይገኝም። ከደብረ ማርቆስ እስኪወጣ ባጃጁና ጋሪው አለ፤ አማኑኤል ላይ ከተማውን ማለፍ አለ፤ በየመንደሩ የሚሻገር ከብት አለ። እነዚህን ሁሉ ለያዘ ጉዞ አንድ ሰዓት ከሩብ መመደብ ተገቢ ነው። በዝናብ ወይም በገበያ ቀን ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያዝ ይሻላል። ቀጠሮው 4 ሰዓት የሆነ ሰው 3 ሰዓት ላይ ከተነሣ ገና ከጅምሩ ዘግይቷል፤ የዘገየውን በፍጥነት ለማካካስ የሚሞክረውም በጣም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ላይ ነው።

ለዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚከፈለውን ማስላት ከባድ አይደለም። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው ልጅ ሲሻገር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት፣ ገና ፍሬን ሳይያዝ 25 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል፤ በድምሩ 45 ሜትር። በ80 ሲሆን ድምሩ ወደ 70 ሜትር ይደርሳል፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ወደ 95 ሜትር። ጎማው የላሸ ወይም ፍሬኑ የደከመ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። በየመታጠፊያው ከፊት የሚታየው መንገድ ከ95 ሜትር የሚያንስበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

መንገዱ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያመራል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች እየተሻገረ ነው የሚሄደው፤ ከእነዚህ አንዱ ተምጫ ከአማኑኤል ወዲያ ወደ ደምበጫ ሲቀርብ ይገኛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ደምበጫ 2080 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ስለዚህ ሲሄዱ በጥቅሉ ቁልቁል ነው፣ ሲመለሱ ዳገት። በወንዞቹ አቅራቢያ ደግሞ ከወረዱ በኋላ መልሶ መውጣት አለ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይዞ ከመውረድ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ይሻላል፤ በተለይ ጭነት ላለው መኪና ይህ ለምርጫ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ድልድይ ላይ ሲደርሱም ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል፤ እግረኛውና ከብቱም የሚሻገሩት በዚያው ነውና።

   

ከመንገዱ አቀማመጥ ይልቅ እቅዱን የሚወስነው መንገዱ ላይ ያለው ሰውና ከብት ነው። የጎጃም ደጋ አስፋልት የመኪና ብቻ አይደለም፤ ለገበሬው ወደ ገበያ፣ ለተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ለምእመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬደው ያው አንዱ መንገድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ይጠቅማል። አንደኛው የገበያ ቀን ነው። የደብረ ማርቆስ፣ የአማኑኤልና የደምበጫ ትልቁ ገበያ የሚውልበትን ቀን ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያ ቀን ጠዋት መንገዱ ዳርና ዳር በአህያ፣ በጋሪና እህል በተሸከመ ሰው ይሞላል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው ይመለሳል። ሁለተኛው በዓል ነው። በወር በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ28 የአማኑኤል ቀን ነጠላውን ያጣፋ ሕዝብ በማለዳ ሄዶ ቅዳሴ ሲወጣ ተያይዞ ይመለሳል። ሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ከተማው ራሱ በሰው ይጨናነቃል።

ከብት ሲሻገር ምን እንደሚደረግ አሽከርካሪ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ሆኖም ብዙ አደጋ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። መንጋው ሲሻገር ፊት ያለው በሬ ካለፈ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ሁለት ሦስት ላሞች ተሻግረው ክፍተት ሲገኝ «አለቀ» ብሎ የሚገባ መኪና የሚያገኘው ወደ እናቱ የሚሮጠውን ጥጃ ነው። ከጥጃው ኋላ ደግሞ እረኛው አለ፤ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ከብቱ ላይ እንጂ መኪናው ላይ አይደለም። ስለዚህ መቆም የሚገባው እረኛው ራሱ ተሻግሮ ዱላውን ትከሻው ላይ እስኪያደርግ ድረስ ነው። ክላክስ ማብዛት አይረዳም፤ በግና ፍየል ይበተናሉ፣ ፈረስ ይደነብራል፣ አህያ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከሩቅ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ነፍቶ ፍጥነት መቀነስ ይበቃል። ከብቱ ወደ ግጦሽ የሚወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ የሚገባው 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የተማሪዎች መግቢያና መውጫም በየከተማው አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነሣ ሰው ከሁለቱም ያመልጣል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር መቅደም ነው። በዳገት ላይ በ40 የሚሄድ ሲኖትራክ ፊት ካለና አሽከርካሪው በ60 ሊቀድመው ከፈለገ፣ ጨርሶ ወደ መስመሩ እስኪመለስ ሰባት ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ እሱ 120 ሜትር ይሄዳል፤ ከፊት በ80 የሚመጣ አይሱዙ ደግሞ 160 ሜትር። በመሆኑም 280 ሜትር ባዶና የሚታይ መንገድ ከሌለ አለመቅደም ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ከቆላ ከተማ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ይህን የሚያውቀው ለመቅደም ነዳጅ ሰጥቶ መኪናው ሲዘገይበት ነው።

ወቅቱ ሰዓቱን ይወስናል። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በክረምት ጠዋት ጉም ይኖራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ፣ አንዳንዴም በረዶው ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቀናት ይበልጥ ያንሸራትታሉ፤ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበምና። ጉም ካለ ረጅሙን መብራት ማብራት መልሶ የራስን ዓይን ይጋርዳል፤ አጭሩ ይሻላል። ካልታየ ግን ሰዓት ማሳለፍ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይገፈፋል። የፀሐይም ነገር መታሰብ አለበት። ጠዋት ወደ ደምበጫ የሚሄድና ከሰዓት የሚመለስ ሰው በሁለቱም ጉዞ ፀሐይዋ ከኋላው ናት። ማታ ሄዶ በማለዳ የሚመለስ ግን በሁለቱም ጊዜ ዓይኑን ትወጋዋለች።

መኪናውን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎማ፣ ስኮርት ጎማውም ጭምር ንፋስ እንዳለው፤ ክሪክና ቁልፍ፤ የፍሬን መብራት፤ ዝናብ መጥረጊያ፤ የራዲያተር ውሃ፤ ትሪያንግል። መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት ከመኪናው ጋር መኖር አለባቸው፤ የተሳፋሪዎቹም መታወቂያ አይረሳም። በነዳጅ በኩል ደርሶ መልሱ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና 8 ሊትር ያስፈልገዋል፤ የመመለሻው ዳገትና ያልታሰበ መዞር ሲታከልበት 12 ሊትር ይዞ መነሣት ነው። ደምበጫ ስደርስ እቀዳለሁ ማለት አያስተማምንም፤ ማደያ መኖሩና ነዳጅ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰሉት ስለሆነ ስልኩ ላይ ገንዘብ መኖሩን፣ ባትሪውም መሙላቱን ማየት ያስፈልጋል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ሞተር ሊያበላሽ ይችላል።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ መጥቷል፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። ይበልጥ የሚታመነው ምንጭ መናኸሪያው ነው። በጠዋት ሄዶ «የደምበጫ መኪና ገብቷል?» ብሎ ረዳቶቹን መጠየቅ ነው። ከወዲያ የተነሣ ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሰው እያወረደ ከሆነ መንገዱ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ያስኬድ ነበር። ካልገባ ግን አማኑኤልም ደምበጫም ያለ ዘመድ ጋ ደውሎ ማጣራት፣ ካልተገኘም ቀኑን ማሳለፍ ይሻላል። የሰዓት እላፊ ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ በሁለቱም ከተሞች መጠየቅ ነው። ኬላ ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብርቶ መቅረብ ተገቢ ነው። ቤት ያለ ሰው የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት ይወቅ፤ የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ ያ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህ ስሌት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሌላ አቅጣጫም ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን ይለወጣል። ወደ ደጀን ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሉማሜ በኩል የሚሄድ አስፋልት ነው። በሮብ ገበያ አድርጎ ጮቄን ተሻግሮ ወደ ድጎ ጽዮንና ሞጣ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ብርዱ፣ ጉሙና የክረምቱ ጭቃ ስላለ በአስፋልት ለሚሄዱት የተመደበውን ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ማድረግ ይገባል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጉዞው ሊቀር የሚችል ከሆነ ይቅር።

የሰዓቱ እቅድ የሚጀመረው ከመመለሻው ነው። በደብረ ማርቆስ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ 12 ሰዓት ከ55 ባለው ጊዜ ነው። በጨለማ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አንድ መብራቱ የጠፋ አይሱዙና ጥቁር ለብሶ በአስፋልት ዳር የሚሄድ እግረኛ ስላለ 11 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ መግባት ያስፈልጋል። ከብቱ ወደ ቤት የሚገባበትን ሰዓት ለማምለጥና ለጎማ መቀየሪያ የሚሆን ጊዜ ለመያዝ ደግሞ በበጋ ከደምበጫ የሚነሡት ከ9 ሰዓት በፊት ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚጠበቅ 7 ሰዓት ላይ መውጣት ይሻላል። ጠዋት 3 ሰዓት የተነሣ ሰው 4 ከሩብ ላይ ደምበጫ ይደርሳል፤ ለጉዳዩ በበጋ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ፣ በክረምት ሦስት ሰዓት ከማይሞላ ጊዜ በላይ አይኖረውም። ጉዳዩ በዚህ ጊዜ የማያልቅ ከሆነ አስቀድሞ ማደሪያ ይዞ መሄድ ነው። ቀጠሮ ተጓትቶ 9 ሰዓት ካለፈም እዚያው ደምበጫ አድሮ፣ ለቤተሰብ ደውሎ፣ በማግስቱ ጉሙ ሲገፈፍና ከደብረ ማርቆስ የተነሣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ሲገባ መመለስ ነው።