ስለ ቤተ ሰብ ስልክ፤ ጥቅልን መምረጥና መለወጥ

የቤት አስተዳደር የሚመዘነው በጎተራው ሙላት ብቻ ሳይሆን፥ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት በሚወጣውም ገንዘብ ነው። ለእህል፥ ለልብስና ለልጆች ትምህርት የሚወጣውን ባልና ሚስት ተማክረው ይወስኑታል። ለስልክ የሚወጣውን ግን እያንዳንዱ ከኪሱ ስለሚያወጣው፥ በወሩ መጨረሻ ድምሩን የሚያውቅ አይገኝም።

ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ሲገባ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት መገልገያ ነበር። ተንቀሳቃሹ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ዛሬ ግን የፍኖተ ሰላም ነጋዴም፥ የቡሬ በርበሬ ገበሬም በኪሱ ይዞታል። ለብዙ ዘመን አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ ምርጫ አልነበረም። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የድምፅን ዋጋ 40 በመቶ፥ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ጀምሮ፥ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከፈተ። ከዚህ ወዲህ በ09 የሚጀምረውንና በ07 የሚጀምረውን ቁጥር ማመዛዘን የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆነ።

ለምሳሌ አባት በቡሬ ሥራ ላይ፥ እናት በፍኖተ ሰላም፥ ልጅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፥ አያት በገጠር ቀበሌ ያሉበትን ቤት እናስብ። እነዚህ አራቱ ጥቅል ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነገሮች ሊመረምሩ ይገባቸዋል።

አንደኛ፥ ማን ለማን ይደውላል? አንዳንዱ ጥቅል የሚያገለግለው በአንድ ድርጅት ቁጥሮች መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ዘመድ ያለበትን መስመር መያዝ፥ ርካሽ ከሚባለው ጥቅል ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ሁለተኛ፥ ስልኩ የት ይሠራል? በከተማ አደባባይ ጥርት ብሎ የሚሰማው መስመር፥ ኮረብታ አንቴናውን በሚጋርድበት ሸለቆ ዝም ይላል። እንግዲህ ሙከራው በአባት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በአያት ደጅ ይደረግ። ከሁሉ ደካማው ሰው የሚሰማበት መስመር ለቤቱ ሁሉ የሚበጅ መስመር ነው።

ሦስተኛ፥ ጊዜው ስንት ነው? ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ቀን የተቆረጠለት ውል ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ የተረፈው ደቂቃ ከእጅ ይወጣል። ለስሌት ያህል፥ በየቀኑ 10 ብር የሚያወጣ ሰው በ30 ቀን 300 ብር ያወጣል። የወሩ ጥቅል 200 ብር ቢሆን፥ በአንድ ሰው 100 ብር፥ በአራት ሰው 400 ብር ይተርፋል። ይህ የሒሳብ ምሳሌ እንጂ የድርጅቶቹ ዋጋ አይደለም፤ የዕለቱን ዋጋ በኢትዮ ቴሌኮም *999# በሳፋሪኮም *777# ደውሎ መመልከት ይቻላል። ነገር ግን ረጅሙ ጥቅል ሁልጊዜ አይበልጥም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን የምዕራብ ጎጃም ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ለድምፅ የወሩን፥ ለኢንተርኔት አጭሩን መግዛት ጥንቃቄ ነው።

አራተኛ፥ ብድር ልማድ አይሁን። የአየር ሰዓት ብድር በጭንቅ ጊዜ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የአገልግሎት ዋጋ ይታከልበታልና፥ በየሳምንቱ የሚበደር ሰው ያንኑ ደቂቃ አስወድዶ ይገዛል።

መስመር መለወጥ ከመምረጥ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ኤም ፔሳም በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብን ከስልክ ቁጥር ጋር አስተሳስረዋል። ባንክም የምስጢር ቁጥሩን የሚልከው ወደ ተመዘገበው ስልክ ነው። አዲስ ሲም ያወጣ ሰው አሮጌውን ቢጥል የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ እንደ ጣለ ይቈጠራል። ስለዚህ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ገዝቶ፥ አሮጌውን ለገንዘብና ለጥንት ወዳጅ፥ አዲሱን ለዕለት ጥሪ ማድረግ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ቁጥር ሊቋረጥ ስለሚችል፥ አሮጌውንም አልፎ አልፎ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሲሙ በማን ስም እንደ ተመዘገበም ይጣራ። የአያት ስልክ በልጅ ልጅ ስም ተመዝግቦ፥ ልጁ ወደ ሩቅ አገር ከሄደ በኋላ ሲሙ ቢጠፋ፥ ምትኩን ማውጣት ብርቱ ችግር ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በሚይዘው ሰው ስም ይሁን።

በመጨረሻም የወጪው ሸክም በትክክል ይከፈል። በብዙ ቤት ገጠር ያለው ዘመድ ሚስኮል አድርጎ ይጠብቃል፤ ደመወዝ ያለው መልሶ ይደውላል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን የተጠራው ሰው ስብሰባ ላይ ቢሆን፥ ወይም ስልኩ ቢጠፋ፥ የጠሪው ጉዳይ ቀረ ማለት ነው። ምራት በሌሊት ምጥ ቢይዛት፥ ወይም ሽማግሌ ቢታመም፥ ሒሳብ የሌለው ስልክ ጭልጭል ከሚል ኩራዝ አይሻልም። እንግዲህ የቤቱ አለቃ የራሱን ጥቅል ከማብዛቱ በፊት፥ የገጠሯ እናት ስልክ ዘወትር ሒሳብ እንዲኖረው ያድርግ። በየወሩ መባቻ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ በ*804# ቀሪ ሒሳቡን እየተመለከተ ወጪውን በደብተር ቢጽፍ፥ ብሩም ይቈጠባል፥ ዘመድም አይጠፋፋም።