የጉዞ ኩባንያ አካባቢን እንዴት ያስተዳድራል? የቱኢ ግሩፕ ተሞክሮ ሲመረመር



ዛሬ የማቀርበው ንግግር በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። አንድ ግዙፍ የቱሪዝም ኩባንያ «አካባቢን እጠብቃለሁ» ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉ በተግባር ምን ማለት ነው? መፈጸሙንስ በምን መለኪያ እናውቃለን? ጥያቄውን በጥቅሉ ከማተት ይልቅ በአንድ ኩባንያ ላይ መመርመሩ የተሻለ ያስተምራል ብዬ ስለማምን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ሐኖቨር ከተማ የሚገኘውን ቱኢ ግሩፕን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የኩባንያውን ማንነት እንይ። ዛሬ የምናውቀው ቱኢ ሥረ መሠረቱ ማዕድን ነው። ፕሮይሳግ የተባለው እናት ኩባንያ በ1923 የተቋቋመው የፕሩሲያን መንግሥት የማዕድንና የማቅለጫ ሥራዎች እንዲመራ ነበር። ይኸው ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊቱን ወደ ጉዞና መዝናኛ አዙሮ፣ በ2002 ስሙን ለወጠ። በዛሬ ቁመናው የራሱ አየር መንገዶች፣ የመዝናኛ መርከቦች፣ ከ400 በላይ ሆቴሎችና የጉዞ ወኪሎች አሉት፤ በዓመት የሚያስተናግዳቸውም ደንበኞች 20 ሚሊዮን ገደማ ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ማዕድን ቆፋሪ በአንድ ሥፍራ ያደረሰው ጉዳት እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይታያል። የጉዞ ኩባንያ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የተበተነ ነው፤ ከፊሉ በሰማይ፣ ከፊሉ በባሕር፣ ከፊሉም በአንዲት ደሴት የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገኛል። ሌላም ልዩነት አለ። ማዕድን ቆፋሪው የሚሸጠውን ነገር ከመሬት አውጥቶ ይወስዳል፤ የጉዞ ኩባንያው ግን የሚሸጠው ራሱ ቦታውን ነው። የባሕሩ ዳርቻ ሲቆሽሽ፣ ደኑ ሲቃጠል፣ ውኃው ሲነጥፍ ሸቀጡ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ አካባቢን መጠበቅ ከበጎ አድራጎት ይልቅ የንብረት ጥበቃ ባሕርይ ሊኖረው ይገባል። ሊኖረው ይገባል እንጂ ሁልጊዜ አለው አላልሁም፤ ልዩነቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ አሠራሩ እንግባ። የአካባቢ አስተዳደር ሥርዓት በመባል የሚታወቀው አሠራር በ1990ዎቹ መልክ ያዘ። የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ኦዲት ደንቡን በ1993 አወጣ፤ ዓለም አቀፉ አይ.ኤስ.ኦ. 14001 ደረጃም በ1996 ታተመ። የሥርዓቱ አካሄድ አራት እርከኖች አሉት፦ ማቀድ፣ መተግበር፣ መፈተሽ፣ ማሻሻል። ተማሪዎች አዘውትረው የሚስቱት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ደረጃ አንድ ድርጅት ሕግን ለማክበርና አሠራሩን ያለማቋረጥ ለማሻሻል የሚያስችል ሥርዓት እንዳለው ያረጋግጣል፤ ብክለቱ ከዚህ መጠን አይበልጥም ብሎ ግን አይመሰክርም። ብዙ የሚበክል ድርጅትና ጥቂት የሚበክል ድርጅት ሁለቱም ያንኑ ምስክር ወረቀት በግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉ ይችላሉ። ሥርዓት መኖሩና ውጤት መገኘቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ውጤቱን ለመመዘን ቁጥር ያስፈልጋል። ቱኢ በ2023 ይፋ ያደረጋቸውና በሳይንስ ላይ የተመሠረቱ ግቦችን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ተቋም የተቀበላቸው ሦስት ግቦች አሉ። መነሻቸው 2019፣ መድረሻቸው 2030 ነው። ሆቴሎቹ ልቀታቸውን በ46.2 በመቶ፣ መርከቦቹ በ27.5 በመቶ፣ አየር መንገዶቹ ደግሞ በ24 በመቶ ይቀንሳሉ። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ትንሽ እንድንቆይባቸው እጠይቃለሁ።

46.2 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከ2019 እስከ 2030 ያሉት ዓመታት 11 ናቸው። የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ አንድ ድርጅት በየዓመቱ ከመነሻ ልቀቱ ቢያንስ 4.2 በመቶ መቀነስ እንዳለበት ተቋሙ ይጠይቃል። 4.2 በ11 ሲባዛ 46.2 ይሆናል። የመርከቦቹን 27.5 ለ11 ብናካፍል 2.5 እናገኛለን፤ ይህም ላላ ያለ፣ ከ2 ዲግሪ በታች ለመቆየት የሚያስፈልግ ዓመታዊ ቅነሳ ነው። እንግዲህ በአንድ ኩባንያ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያየ ጥብቅነት ያላቸው ግቦች አሉ ማለት ነው።

የአየር መንገዶቹ ግብ ደግሞ በዓይነቱም ይለያል። ሆቴሎቹና መርከቦቹ የሚቀንሱት ጠቅላላ ልቀታቸውን ነው። አየር መንገዶቹ የሚቀንሱት ግን አንድን መንገደኛ አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ የሚለቀቀውን መጠን ነው። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ላሳይ። በ2019 የነበረው የጉዞ መጠን 100፣ ልቀቱም 100 ነበር እንበል። የእያንዳንዱ መንገደኛ ኪሎ ሜትር ልቀት በ24 በመቶ ቢቀንስ ልቀቱ 76 ይሆናል። ነገር ግን ጉዞው በየዓመቱ በ3 በመቶ ቢያድግ፣ በ11 ዓመት ውስጥ 100 የነበረው ወደ 138 ይደርሳል። 138ን በ0.76 ስናባዛ 105 እናገኛለን። ግቡ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል፤ ወደ ከባቢ አየር የገባው ጋዝ ግን ጨምሯል። የ3 በመቶው ዕድገት ለማስረዳት የወሰድሁት ግምት እንጂ የኩባንያው ትንበያ አይደለም። ሆኖም ስሌቱ የሚያሳየው እውነት አይለወጥም፤ ከባቢ አየር የሚቆጥረው ድምሩን ነው። በቱኢ ሥራ ከፍተኛውን የልቀት ድርሻ የሚይዙት አውሮፕላኖቹ መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ፣ ልል የሆነው ግብ ያረፈው ሸክሙ በበረታበት ቦታ ላይ መሆኑን እንገነዘባለን።

ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ ግብዝነት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ይህ የኬሚስትሪ ሕግ ነው፣ በአስተዳደር ጥበብ አይሻርም። ሆቴል በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መትከል፣ ገላ መታጠቢያውን በፀሐይ ማሞቅ ይችላል። መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም ሞተሩን አጥፍቶ ከየብስ ኤሌክትሪክ ሊወስድ ይችላል። ረጅም መንገድ የሚበር አውሮፕላን ግን ዛሬ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፦ ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላንና ከዘላቂ ምንጭ የተሠራ ነዳጅ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከኤርፖርቶች የሚቀዳው ነዳጅ ውስጥ የዘላቂው ድርሻ በ2025 ቢያንስ 2 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶ መሆን አለበት። ከመቶ ስድስቱን የሚሸፍን ነዳጅ የቀሩትን ዘጠና አራቱን አይዋጅም።

ቆጣቢ አውሮፕላን መግዛትም የራሱ ሥጋት አለው። ቱኢ ያረጁ አውሮፕላኖቹን በቦይንግ 737 ማክስ ለመተካት አቅዶ ነበር። በመጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ፣ ይህ የአውሮፕላን ዓይነት በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። ለእኛ ያ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የሐዘን ቀን ነው፤ በሐዘኑ ላይ ስሌት መደራረብም አልሻም። ለዛሬው ርእስ የሚጠቅመውን አንድ ትምህርት ብቻ ልጥቀስ። የአንድ ኩባንያ የአካባቢ ዕቅድ በአንድ አምራች ምርት ላይ ከተንጠለጠለ፣ የአምራቹ ጉድለት የዕቅዱም ጉድለት ይሆናል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ካርቦን ነው። ካርቦን ዓለም አቀፍ ነው፤ የትም ይለቀቅ የት ውጤቱ አንድ ነው። ውኃ ግን የሰፈር ጉዳይ ነው። በሜድትራኒያን ደሴቶች ዝናብ የሚጠፋበት ወራትና ቱሪስት የሚጎርፍበት ወራት አንድ ላይ ይገጥማሉ። በሐምሌና በነሐሴ የመዋኛ ገንዳ የሚሞላው፣ አንሶላ የሚታጠበው፣ የአትክልት ሥፍራው የሚጠጣው ገበሬውም አብዝቶ በሚሻው ጊዜ ነው። አንድ ኩባንያ «በአንድ እንግዳ አዳር የሚፈጀው የውኃ መጠን በአማካይ ቀንሷል» ብሎ ሲዘግብ፣ ውኃ የተትረፈረፈበትን አገርና የተጠማችውን ደሴት አንድ ላይ አደባልቆ ሊሆን ይችላል። አማካይ ቁጥር የተጠማውን አያሳይም።

ሌላው ነጥብ የሒሳብ ድንበር ነው። ከቱኢ ጋር የሚጓዝ ደንበኛ ሁልጊዜ በቱኢ ሆቴል አያድርም፤ ኩባንያው ውል የገባላቸው የሌሎች ሰዎች ሆቴሎች እጅግ ብዙ ናቸው። የመዝናኛ መርከቦቹም አብዛኞቹ ከሮያል ካሪቢያን ጋር በ2008 በተመሠረተ የሽርክና ድርጅት ሥር ናቸው። ታዲያ ልቀቱ የማን ነው? የሻጩ፣ የባለንብረቱ ወይስ የተጓዡ? ድንበሩን ጠበብ አድርጎ የሚያሰምር ኩባንያ አንዲት አምፖል ሳይለውጥ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ የኩባንያው ትልቁ ጉልበት ያለው በዚሁ የውል ግንኙነት ውስጥ ነው። ለአንድ ሆቴል የዓመቱን አብዛኛ እንግዳ የሚያመጣ ገዥ «የታወቀ የዘላቂነት ምስክር ወረቀት ይኑርህ» ሲለው፣ ቃሉ ከመንግሥት መመሪያ ፈጥኖ ሊሰማ ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ገዥ በሌላ እጁ የአልጋውን ዋጋ በየዓመቱ የሚያስቀንስ ከሆነ፣ ባለሆቴሉ የፍሳሽ ማጣሪያውን በምን ገንዘብ ይሠራል? የግዢ ክፍሉና የአካባቢ ክፍሉ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ይህ ሁሉ በቦታው ላይ ሲደርስ ምን ይመስላል? በሐምሌ 2023 በግሪክ ሮድስ ደሴት በደረሰው ሰደድ እሳት 19 ሺህ ያህል ሰዎች ከሆቴሎችና ከመኖሪያ ቤቶች እንዲወጡ ተደርገዋል። ቱኢ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች በደሴቲቱ ላይ ነበሩት፤ እሳቱ ያስከተለበትንም ወጪ 25 ሚሊዮን ዩሮ ብሎ አስታውቋል። ቀደም ሲል «የሚሸጠው ራሱ ቦታውን ነው» ያልሁት በዚህ ይገለጣል። ነገር ግን የኪሳራውን አወራረድ አስተውሉ። ኩባንያው በሚቀጥለው ወቅት አውሮፕላኖቹን ወደ ሌላ ጠረፍ ማዞር ይችላል። የሮድስ ነዋሪ ደኑን ይዞ ወደ ሌላ ጠረፍ አይሄድም። የንብረት ጥበቃ ስሜት በኩባንያው ዘንድ ሁልጊዜ የማይገኘው ለዚህ ነው፤ ቦታው ለኩባንያው ከብዙዎቹ አንዱ ነው፣ ለነዋሪው ግን ያለው እርሱ ብቻ ነው። ስለሆነም ጥበቃውን ለኩባንያው በጎ ፈቃድ ብቻ መተው አይቻልም፤ የአገሬው ሕግ፣ የአካባቢው አስተዳደርና የነዋሪው ድምፅ የግድ ያስፈልጋሉ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ አውሮፕላን ብቻ አያበርም፤ በ2019 የተከፈተው ስካይላይት ሆቴልና የጉዞ ዝግጅት ክፍሉ፣ የኢትዮጵያ ሆሊደይስ፣ በአንድ ጥላ ሥር ናቸው። የአደረጃጀቱ አምሳያ ከቱኢ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ የልቀት ሒሳቡ ጥያቄዎችም ይመሳሰላሉ። በሐይቆቻችን ዳርቻ ለሚሠሩት ሆቴሎችና ሎጆች ደግሞ የውኃው ጥያቄ ይብሳል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ የሚጠረግበት በር አያገኝም። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የአንድ ሆቴል የፍሳሽ አያያዝ የሚመዘነው በዓለም አቀፍ አማካይ ሳይሆን በዚያው ሐይቅ ነው።

ንግግሬን የምደመድመው ማንኛውንም የዘላቂነት ሪፖርት ስታነብቡ እንድትይዟቸው በምፈልጋቸው አራት ጥያቄዎች ነው። አንደኛ፣ የተገባው ቃል ጠቅላላ ልቀትን ይመለከታል ወይስ የአንድ አሃድን ልቀት? ሁለተኛ፣ የሒሳቡ ድንበር የት ላይ ተሰመረ፣ ከድንበሩ ውጭስ ምን ቀረ? ሦስተኛ፣ አማካዩ የትኛውን ቦታ ሸፈነ? አራተኛ፣ ግቡ ባይሳካ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በስሌት ልትመልሱ ትችላላችሁ። አራተኛውን ለመመለስ ግን ከሪፖርቱ ተነሥታችሁ ወደ ቦታው መሄድና ነዋሪውን መጠየቅ ይኖርባችኋል።