ፊታችን ሲነድ፦ ከሮዜሺያ ጋር በደጋ መኖር



ከምትልኩልኝ መልእክቶች ውስጥ አንዱ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ጉንጬና አፍንጫዬ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ቡግር የሚመስል ነገርም ያወጣል፤ ምን ልቀባ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው። በወሎ፣ ጃማ ውስጥ ባለችው ደጎሎ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ የምኖር፣ ይህን ቆዳ ለዓመታት ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ሐኪሞች ያስረዱኝን፣ አንብቤ ያመሳከርሁትንና በራሴ ፊት ያየሁትን ነው።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ላስቀምጥ። እንዲህ ያለውን ፊት ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይልቅ የሚጎዳው ለማዳን ተብሎ የሚቀባበት ነገር ነው። ስለዚህ «ምን ልቀባ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ልተው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሽታው ምንድን ነው?

ሮዜሺያ የፊትን መሐል የሚይዝ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የቆዳ መቆጣት ነው። ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ግንባርና አገጭ ላይ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ፊት ድንገት ይሞቅና ይቀላል፣ ከዚያ ይመለሳል። እያደር ቅላቱ አልመለስ ይላል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ፤ ትንንሽ እብጠቶችና መግል የቋጠሩ ፍንጣቂዎች ይከተላሉ። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም በወንዶች ላይ፣ የአፍንጫ ቆዳ ይወፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ፊትን ካለመታጠብም አይመጣም። የጠጪነት ምልክትም አይደለም። አረቄ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ አባቶች ፊታቸው ስለቀላ ብቻ ሲታሙ ሰምቻለሁና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ከቆዳው ሥር ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ካቴሊሲዲን የሚባለው የሰውነታችን ፀረ ተሕዋስያን ፕሮቲን በታማሚዎች ፊት ላይ ከልክ በላይ በዝቶ፣ መልኩንም ለውጦ እንደሚገኝና ቆዳውን እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ፊት ላይ የምትኖረው፣ ዴሞዴክስ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይም በእነዚህ ሰዎች ላይ በርክታ ትገኛለች። ሦስተኛው የነርቮች ጉዳይ ነው። ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የነርቭ ተቀባይ ለይተው አወጡ፤ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን የተጋራው በዚህ ሥራው ነው። ይህ ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ሲያገኘው ይነቃል። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ሲነካውም እንዲሁ ይነቃል። የምጣዱ ወላፈንና ሚጥሚጣው ፊታችን ላይ አንድ ዓይነት ቃጠሎ የሚለቁት ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ እነዚህ ነርቮች ቶሎ ይነቃሉ፤ የደም ሥሮቹም ቶሎ ይከፈታሉ።

የእኛ ደጋ ለምን ያባብሰዋል?

ደጎሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ሲታከልበት ፊታችን ላይ የሚያርፈው ጨረር ብርቱ ነው። የጃማን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴና ጤፍ ሲታጨድና ሲወቃ ሰው ሙሉ ቀን ጥላ በሌለበት ይውላል። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ መክፋቱ አይታወቅም። ማታ ደግሞ ከውርጩ ገብተን እሳት ዳር እንቀመጣለን። ሮዜሺያን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ፀሐይ፣ ነፋስና ከብርድ ወደ ሙቀት ድንገት መግባት ዋናዎቹ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ የበጋ ቀን ይገናኙብናል።

በጠይም ፊት እንዴት ይታወቃል?

ስለ ሮዜሺያ የሚሰራጩት ሥዕሎች አብዛኞቹ የፈረንጅ ቀይ ጉንጮች ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ይሸፈናል፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ ስሜቱን አዳምጡ፦ ፊት መሞቅ፣ መለብለብ፣ ሳሙናም ሆነ ቅባት ሲነካው ማቃጠል፣ መድረቅና መወጠር፣ እየመጣ የሚሄድ እብጠት። ከቡግር የሚለይበት አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ቡግር ባለበት ፊት ላይ ጥቋቁር ወይም ነጫጭ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በሮዜሺያ ግን እነዚህ የሉም።

ፊታችሁ በተነሣበት ሰዓት ደጅ ባለው ብርሃን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ተራ ደርሶ ሐኪም ፊት እስክትቀርቡ ቅላቱ ይጠፋል፤ ፎቶው ምስክር ይሆናችኋል።

ሁሉም ቀይ ፊት ሮዜሺያ አይደለም

በእኛ አገር ፊት ሲቀላ መጀመሪያ የሚባለው «ምች ነው» ነው። ወዲያው ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል። የእናቶቻችንን ርኅራኄ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በሚነድ ፊት ላይ ቅጠል ማሸት ቃጠሎውን ያባብሳል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ በሽታ ሳይታወቅ ማለፉ ነው። በደጋው ወሎ ቁንጭር አለ። ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ቦታዎች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ፊት ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ጀምሮ በሳምንታትና በወራት እየሰፋ፣ እየቀረፈተ ይሄዳል፤ ካልታከመ ጠባሳ ይተዋል። ሉፐስ የሚባለው በሽታ ደግሞ ጉንጭና አፍንጫን ያቀላል፤ ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት አይነካም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም ወይም የፀጉር መርገፍ አብሮት ሊመጣ ይችላል። የሚያቃጥል ሳይሆን የደነዘዘ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ቆዳ ላይ ካያችሁ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን መመርመር አለበት፤ እሱም በመድኃኒት ይድናል። በፎቶ ተመርኩዤ «ያንቺ ሮዜሺያ ነው» የማልላችሁ ለዚህ ነው።

ቅልቅሉን ተዉ

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ላይ ደረስሁ። «ማድያት ያጠፋል»፣ «ፊት ያጠራል» እየተባለ በየመዋቢያ ሱቁ በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ቅባት ታውቁታላችሁ። በብዙዎቹ ውስጥ ብርቱ ስቴሮይድ ይገኛል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙ አንዳንድ የፈንገስና የሽፍታ ክሬሞችም ስቴሮይድ አለባቸው። በዕቃው ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ትራያምሲኖሎን የሚል ካነበባችሁ እሱ ነው።

ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ለሌላ የቆዳ በሽታ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ሲቀባ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅላቱ ይጠፋል፣ ፊት ይፈካል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ እብጠቱ ይወጣል። ቅባቱ ሲቋረጥ ፊት ከበፊቱ በባሰ ይነድዳል፤ ያን ጊዜ «ሳልቀባ መኖር አልችልም» ተብሎ ይመለሱበታል። ሮዜሺያ ያልነበረበት ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ሮዜሺያ የሚመስል ፊት ያተርፋል። ሐኪሞች ስቴሮይድ ያመጣው ሮዜሺያ ይሉታል።

ለወራት የተቀባችሁ ካላችሁ የማቆሙን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። አንዳንዱን ቀስ በቀስ ያስተዉታል፤ በመሐሉ የሚያበርድ ሌላ መድኃኒትም ይሰጡታል። ካቆሙ በኋላ የሚመጣው ቃጠሎ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያልፋል። ስትሄዱ የቅባቱን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ አትደብቁ፤ ሐኪሙ ሊረዳችሁ የሚችለው ሲያውቀው ነው።

በየቀኑ የሚደረግ

ፊት በለብ ያለ ውኃ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ አይፈተግም። በፎጣ ቀስ ተብሎ ይደርቃል። ከዚያ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይቀባል። የልብስ ሳሙና፣ አልኮል ያለበት ቅባትና ፊት መላጫ ሽቶ ይቅሩ።

ለፀሐይ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ሻሽ ወይም ወደ ፊት የተሳበ ነጠላ ከሁሉ ቀዳሚው ነው፤ በሁሉም ቤት አለ። አቅም ያለው ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ይጨምርበት፤ ቁጡ ቆዳ እሱን የተሻለ ይችለዋል።

እንጀራ የምትጋግሩ እናቶችና እህቶች፣ ሥራው አይቀርም፤ ቃጠሎውን ግን መቀነስ ይቻላል። ከቀኑ ሙቀት በፊት ጋግሩ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ከቻላችሁ እሳቱ የተከለለበትን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ተጠቀሙ፣ በመሐል እየተነሣችሁ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ፊታችሁ ላይ አሳርፉ። ወይባ የምትሞቁ ፊታችሁን ከጢሱ ውጭ አድርጉ።

በርበሬን ሁሉም ሰው መተው የለበትም። የሚቀሰቅሰው ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። ለጥቂት ሳምንታት የበላችሁትን፣ የዋላችሁበትንና የፊታችሁን ሁኔታ ጻፉ፤ የእናንተን ቀስቃሽ ደብተሩ ይነግራችኋል። እኔን ሚጥሚጣና ትኩስ ሾርባ ወዲያው ያነድደኛል፤ አልጫና የበረደ ሽሮ ግን አይነኩኝም። አረቄና ጠጅ ብዙዎችን ይቀሰቅሳሉ።

ስለ ቡናችን ደግሞ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ 82,737 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን 4 ኩባያና ከዚያ በላይ ካፌይን ያለው ቡና የሚጠጡት ከሞላ ጎደል ቡና ከማይጠጡት ይልቅ ሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው 23 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰን የቡናው ትኩስነት ነውና አቦሉን በረድ አድርጋችሁ፣ ከከሰሉ ራቅ ብላችሁ ጠጡ፤ ከጎረቤት ጋር ከመቀመጥ አትቅሩ።

መድኃኒቱ

ሮዜሺያ ተጠርጎ ባይጠፋም በሚገባ ይገታል። ለእብጠቱ ከሚታዘዙት የሚቀቡ መድኃኒቶች መካከል ሜትሮኒዳዞል፣ አዜላይክ አሲድና 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ይገኛሉ። ሜትሮኒዳዞልን ለጃርዲያና ለአሜባ በምንውጠው ክኒን እናውቀዋለን፤ አይቨርሜክቲንን ደግሞ ለእከክ በሚሰጠው። ለፊት የሚሆነው ግን በቅባት መልክ የተዘጋጀው ነው፤ ክኒን ፈጭቶ መቀባትም ሆነ የከብት መድኃኒት መጠቀም አደገኛ ነው። ሦስቱም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ውጤታቸው የሚመዘነው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ከተቀቡ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

እብጠቱ ከበዛ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ሊጨምር ይችላል። በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት አይገባም፤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። የማይመለስ ቅላትና የደም ሥር በሌዘር ይታከማል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ጥቁር ጠባሳ እንዳይተው በእንዲህ ዓይነት ቆዳ የሠራ ሐኪም ያስፈልጋል።

ዓይናችሁን አትርሱ

ሮዜሺያ ዓይንንም ይይዛል፤ አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ መድረቅ፣ የቆብ ጠርዝ ማበጥና መቅላት ያመጣል። ትራኮማ በሰፊው በሚገኝበት ክልላችን ሁለቱ ይምታታሉ። ዓይንና ፊት አብረው ካስቸገሯችሁ ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሩት። ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ በዚያው ቀን ሂዱ።

ወዴት እንሂድ?

በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ጠይቁ። መካነ ሰላም አካባቢ ያላችሁ እዚያው ሆስፒታል አለላችሁ። የቆዳ ስፔሻሊስት ካስፈለገ ከደጎሎ በወረኢሉ በኩል ደሴ፣ ከዚያም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ ዛሬ በቆዳ ሕክምና የታወቀ፣ ቁንጭርንም የሚያክም ቤት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውን፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ያለውን አለርት ሆስፒታልን ታገኛላችሁ።

ለቤተሰብም አንድ ነገር ልለምን። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ፊቷ ሲቀላ «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽን አስጠሪው እንጂ» አትበሏት። ወደ ቅልቅሉ ሱቅ የሚወስዳት ይህ ንግግር ነው። ለሐኪም የሚሆናትን የመኪና ብር ስጧት፤ አብራችኋትም ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ፎቶውን ግን ለሐኪማችሁ አሳዩ። ይህን ጽሑፍ ቅልቅል እየተቀባች እንደሆነ ለምታውቋት አንዲት ሰው ዛሬውኑ አድርሱልኝ።