ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ተማሪዎቹ

ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የሚተዳደር፣ አዲስ አበባ የሚገኝ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተቋም ነው። በኢትዮጵያ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተከፈተ የመጀመሪያው ማዕከል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ለዚህ ያነሣሣቸው መደበኛ ትምህርት ቤቶች አናቆየውም ያሉት ልጃቸው ጆጆ ነው። መሥራቿ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል።

ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በ4 ልጆች ነው። ከጊዜ በኋላ የተማሪዎቹ ቁጥር ወደ 80 ቢጠጋም፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ልጆች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ እንደ ልብ የማይጨምረው ሥራው እጅ ስለሚፈልግ ነው። አዝራር መቆለፍ፣ እጅ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መጠቀም አንድ በአንድ፣ እየተደጋገመ ይሠለጥናል። ንባብም ቢሆን ወይዘሮ ዘሚ ባዘጋጁት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» አማካይነት ከፊደላት ድምፅ ተነሥቶ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ልጅ ሲጨመር አሠልጣኝም መጨመር አለበት።

የተማሪዎቹ ዕድሜም የተራራቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት 2 ዓመት ብቻ ነው። በማዕከሉ ግን ከሕፃናቱ ጋር ወጣቶችም ይገኛሉ፤ ከዚያ ወጥተው የሚገቡበት ክፍል ጥቂት ነውና።

በጾታ በኩል ኦቲዝም በየትም አገር የሚመዘገበው በብዛት በወንዶች ላይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት የወንዶቹ ቁጥር ከሴቶቹ ከ3 እጥፍ በላይ ነው። የልዩነቱ ከፊል ምክንያት የሴቶቹ ምልክት ሳይታወቅ መቅረቱ ነው፤ ዝም ያለች ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ትታለፋለች።

በመዝገብ ላይ የማይታዩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ከተጠየቁ 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ ከ4ቱ 1 ያህሉ ደግሞ ነገሩን በምሥጢር ለመያዝ ይጥራሉ። እነዚህ እንኳ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ማዕከል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለልጁ የሚቀርበው የቀበሌው ትምህርት ቤት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት በጣቱ የማያመለክት ልጅ ያላቸው ወላጆች ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሊያሳዩት ይገባል፤ ዕድሜው ሲደርስም እንደ እኩዮቹ ትምህርት ቤት ወስደው ያስመዝግቡት።