የቆቃ ግድብ እያለ ጎርፍ ስለምን ያሰጋል?

አዳማ፦ ክረምቱ ሲበረታ ከቆቃ ግድብ ውኃ ሊለቀቅ ስለሚችል በአዋሽ ዳርቻ የሚኖሩ ሁሉ እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ መልእክት መስማት የተለመደ ነው። ይህን የሰማ የወንጂ አርሶ አደር፣ ያን የሚያህል ግድብ ቆሞ ሳለ ጎርፍ ስለምን ያሰጋል ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የተጠናቀቀው ግድብ በዋናነት የተሠራው 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው። ለኃይልና ለመስኖ፣ በጋውን የሚያሻግር ውኃ መጠራቀም አለበት። ጎርፍን ለመያዝ ግን ሐይቁ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ሐይቁ ከሞላ በኋላ ከባድ ዝናብ ቢጥል፣ ለግድቡ ደኅንነት ሲባል የመጣውን ውኃ ከመልቀቅ በቀር አማራጭ የለም።

በዓለም ትልቁ የኃይል ማመንጫ የሆነው የቻይናው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ከፍተኛው የውኃ ከፍታው 175 ሜትር ሲሆን፣ የጎርፉ ወቅት ከመድረሱ በፊት ወደ 145 ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረጋል።

ሁለተኛው ችግር ደለል ነው። የቆቃ ሐይቅ መጀመሪያ 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ውኃ ይይዝ ነበር። አዋሽና ሞጆ ወንዞች ጠርገው ያመጡት አፈር ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉን ወስዷል፤ ይህም 600 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። ደለሉን 16 ኪዩቢክ ሜትር በሚጭን ገልባጭ መኪና እናውጣ ቢባል 37 ሚሊዮን ያህል ምልልስ ይጠይቃል። ግድቡን ከፍ ማድረግም ቢሆን በሐይቁ ዙሪያ ያለውን የእርሻ መሬት በውኃ ያስውጣል፤ አዲሱም ቦታ ውሎ አድሮ በደለል መሞላቱ አይቀርም።

ስለዚህ ግዙፍ ግንባታ ጎርፍን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አያስቀርም። በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከን፣ ከልቅ ግጦሽ የተጠበቀ ተዳፋትና በወንዝ ዳር የሚተከል ዛፍ የግድቡን ዕድሜ ያራዝማሉ። አዳማን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ ደግሞ ከዙሪያዋ ኮረብቶች የሚወርድ በመሆኑ የቆቃ ግድብ አይደርስለትም። ለእርሱ መፍትሔው ኮረብቶቹን በደን ማልበስና የፍሳሽ ቦዮችን ከክረምት በፊት መጥረግ ነው።

በግድቡ ግርጌ ለሚኖሩ ወገኖች ከሁሉ የሚቀድመው ማስጠንቀቂያውን በጊዜ ሰምቶ ቤተሰብን፣ ከብትንና እህልን ወደ ከፍታ ቦታ ማሸሽ ነው።