በራሴ ሪያል የገዛሁት ጥቁር ቸኮሌት

ዛሬ የማወራሽ ስለ ቸኮሌት ነው። «ይሄ ሁሉ ችግር እያለብን ቸኮሌት?» እንዳትዪኝ። እኔ በአንዲት ፍሬ ቸኮሌት ሌባ ተብዬ አውቃለሁ።

የምሠራው በደማምና በኾባር መካከል፣ ከደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነበር። ያ የፋብሪካ ከተማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ የቤቱ አባወራም ቀኑን እዚያ ነበር የሚውለው። ሐሙስ ማታ እንግዳ ይበዛል። ገሃዋ አፈላለሁ፣ ቴምር አቀርባለሁ፣ ቸኮሌቱን በሚያብረቀርቅ ሰሃን እደረድራለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ ስደረድረው ጣዕሙን አላውቀውም ነበር። አንድ ሌሊት እንግዶቹ ሲሄዱ አንዷን ፍሬ ቆሜ ዋጥኳት። ጣዕሟ ትዝ አይለኝም፤ ትዝ የሚለኝ የልቤ ምት ነው። ለካ ማዳም ቆጥራው ኖሯል፤ በማግስቱ ልጆቿ ፊት «ሐራሚያ» አለችኝ።

ደሞዜ 1000 ሪያል ነበር። የዚያን ወር ደሞዝ ስቀበል ገበያ አብሬያት ሄጄ፣ በ18 ሪያል አንድ ጥቁር ቸኮሌት ለራሴ ገዛሁ። ማታ ሥራ ስጨርስ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ በላሁት። መራራ ነው። ግን የራሴ ነው፤ ማንም አይቆጥርብኝም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ እገዛ ነበር። ያወቅኩትን ላካፍልሽ።

ጥቁር ቸኮሌት ምንድን ነው?

ቸኮሌት የሚሠራው ካካዎ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና፣ ከእኛው አፍሪካ ነው። ፍሬው ተለቅሞ እንዲብላላ ይደረጋል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ቡና ስትቆላ ያደገች ሴት ይሄ አይጠፋትም፤ ብዙ ከተቆላ ያርራል፣ በደንብ ከተቆላ ቤቱን በሽታ ይሞላል።

ማሸጊያው ላይ «70%» የሚል ካየሽ፣ ከቸኮሌቱ 70 በመቶው ከካካዎ የመጣ ነው ማለት ነው። ቀሪው በአብዛኛው ስኳር ነው። ስለዚህ ባለ 70 በመቶ የሆነ 100 ግራም ቸኮሌት 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 7 የሻይ ማንኪያ ያህል። ለምደሽው የማታውቂ ከሆነ ከ50 ወይም ከ60 ጀምሪ፤ በቀጥታ 85 ከቀመስሽ ትጠዪዋለሽ።

ጥሩውን ለመለየት የውስጡን ዝርዝር እዪ። ካካው፣ ዙብደት አል ካካው (የካካዎ ቅቤ) እና ሱከር መጀመሪያ ላይ ከተጻፉ ጥሩ ነው። የካካዎ ቅቤ ቀርቶ የዘንባባ ዘይት ከገባበት ግን ርካሽ ዓይነት ነው። ዐረብኛ ማንበብ ካልቻልሽ ባለ ባቃላውን ጠይቂው። ጿሚ ከሆንሽ «ፊ ሐሊብ?» በዪ፤ ጥቁር ሆኖም ወተት የሚገባበት አለና።

እንዴት ይቀመሳል?

መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ሽንኩርትና በርበሬ ከበላሽ በኋላ አይሆንም። ትንሽ ቁረጪ፤ ጥሩ ቸኮሌት ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። ከዚያ አሽቺው፣ ቡና ሲቆላ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን ስበን እንደምናሸተው። አፍሽ ውስጥ ስታስገቢው አታኝኪው። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚቀልጠው፤ የሰው ገላ 37 ስለሆነ ምላስሽ ላይ በራሱ ይፈሳል። መጀመሪያ መራራ፣ ቀጥሎ ትንሽ ኮምጠጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ጣዕም ይመጣል። እኔ የተቆላ ኦቾሎኒ ነው የሚመስለኝ፤ አንዷ ጓደኛዬ ዘቢብ ነው ትላለች። አንቺ ያገኘሽው ልክ ነው።

የሰፈሩን ሙያ ከፈለግሽ ደግሞ ከቴምር ጋር ሞክሪው። እዚያው ምሥራቃዊው ግዛት ያለው አል አህሳ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የቴምር አገር ነው። የአል አህሳ ኸላስ ቴምር ግማሽና አንዲት ቁራጭ መራራ ቸኮሌት አብረሽ ስትበዪ ስኳር አያስፈልግሽም።

በደማም ሙቀት ቸኮሌት መኪና ውስጥ ከተረሳ ያልቃል። ቀልጦ ሲመለስ ላዩ ነጭ ከሆነ አትጣዪው፤ ሻጋታ ሳይሆን ወደ ላይ የወጣ ቅባት ነው፣ አይጎዳም። ክፍልሽ ቀዝቃዛ ካልሆነ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርገሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ አለበለዚያ የሽንኩርት ሽታ ይይዛል።

ለጤናሽ

«ቸኮሌት ደም ይተካል» ሲባል ሰምተሻል። ብረት አለው፤ ግን ካካዎ ራሱ ሰውነታችን ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ራስሽን እያዞረሽ፣ ስትቆሚ ዓይንሽ እየጨለመ ከሆነ መፍትሔው ቸኮሌት ሳይሆን የደም ምርመራ ነው። ለጤና ጥያቄ የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴርን 937 ደውይ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም አግኝቷል፤ መጠኑ ግን ይለያያል። ስለዚህ በየቀኑ አታድርጊው፣ አንድ ዓይነት ብቻም አትያዢ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የበለጠ ተጠንቀቂ። እንደ ቡና የሚያነቃ ነገርም ስላለበት፣ ንጋት ላይ የምትነሺ ከሆነ ማታ ዘግይተሽ አትብዪ። ስኳር በሽታ ካለብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ቸኮሌት ምሳ አይሆንም። ምግብ ስለማይሰጧቸው በብስኩትና በጣፋጭ የሚውሉ እህቶች ድምፅ ይልኩልኛል። ተገቢ ምግብ ማቅረብ የአሠሪሽ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍትም ይሰጥሻል። ደሞዝሽ በየወሩ ሊከፈልሽ፣ ፓስፖርትሽም በእጅሽ ሊሆን ይገባል። ይሄ ከተጣሰ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው።

እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ

ከእንግዳ ሰሃን የተረፈውን «ልውሰድ?» ብለሽ ጠይቂ። «ውሰጂ» ካለችሽ እዚያው ፊቷ ብዪው ወይም አሳይተሽ ያዢ። የራስሽን ስትገዢ ፋቱራውን አትጣዪው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና አስቀምጪ። ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቢም «ይሄ የእኔ ነው» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪያት። በስርቆት ከከሰሱሽ ማንበብ የማትችዪውን ወረቀት አትፈርሚ፤ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ሪያድ ላለው ኤምባሲያችንም አሳውቂ።

እኔ አሁን የሰው ቤት አልሠራም። ያን ቃል ግን አልረሳሁትም። ብዙዎቻችን ደሞዙን ሁሉ ወደ ቤት ልከን ለራሳችን አንድ ሪያል ስናወጣ የሰረቅን ይመስለናል። አልሰረቅሽም እህቴ። እናትሽ ድርሻዋን ታገኛለች፣ ወንድምሽም ይማራል፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ያንቺ ትሁን። ቁጭ ብለሽ፣ ሳትደበቂ፣ ቀስ ብለሽ ብዪያት።